ሮቦቱ የቆመ ቀን

በማንቡክ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

 

እዚህ እንድናገር ግብዣው መጀመሪያ ሲደርሰኝ «ስለ ሮቦት ንገረን» የሚል ሰፊ ጥያቄ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ከተማሪዎቹ አንዷ በመምህሯ በኩል ጠበብ ያለ ጥያቄ ላከችልኝ፦ «ያለ ነጂ የሚሄድ ተሽከርካሪ መሥራት ብንፈልግ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ እንጀምር?» ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእሷ የምሰጠው መልስ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ቋንቋና ሶፍትዌር ስንመርጥ ተሽከርካሪው የሚቆምበትን ቀን እያሰብን እንምረጥ። በዚያ ቀን እዚሁ ማንቡክ ያለ ሰው፣ በእጁ ባለው መሣሪያ ችግሩን ፈልጎ ካገኘው ምርጫችን ትክክል ነበር ማለት ነው። ካላገኘው ግን የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ለእኛ አልሆነም።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሱኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጊዜ፣ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ)፣ የጋራ መግባቢያ። ከእነዚህ በፊት ግን ስለ ተሽከርካሪው አሠራር ጥቂት ልበል።

ከአዊ ደጋ ወርዳችሁ እዚህ የከረማችሁ ፈረስን ታውቃላችሁ። ጌታው ኮርቻው ላይ እንቅልፍ ቢጥለው ፈረሱ በጨለማ ከቤቱ ያደርሰዋል። ይህ ፈረስ ምን ምን እንደሚሠራ እናስተውል። እግሩ ድንጋይ ሲነካ ሳያመነታ ወዲያው ይስተካከላል። ዓይኑና ጆሮው ከፊቱ ያለውን ገደልና አውሬ ይለያሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ቤቱ የት እንደሆነ የሚያስታውስ ልብ አለው። ያለ ነጂ የሚሄድ ተሽከርካሪም የሚሠራው በእነዚሁ ሦስት ደረጃዎች ነው። ከታች ሞተሩንና ፍሬኑን በየቅጽበቱ የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ከመካከል ካሜራው፣ ጂፒኤሱና ሌሎቹ ሴንሰሮች ያመጡትን እያገናዘበ «የት ነኝ? ከፊቴስ ምን አለ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ ክፍል አለ። ከላይ ያለው መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ተማሪያችን «በየትኛው ቋንቋ?» ስትል እኔ መልሼ «ለየትኛው ክፍል?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ለእግርና ለልብ አንድ ዓይነት ቋንቋ አይስማማም።

ምሳሌያችን የእኛው ማሳ ይሁን። በሰሊጥ ወይም በአኩሪ አተር መስመሮች መካከል እየሄደ የሚያርም፣ የደረሰውንም በጆንያ ተሸክሞ ወደ አውድማ የሚመለስ ባለ አራት ጎማ ትንሽ ተሽከርካሪ አስቡ። በበጋ ደረቅ መሬት ላይ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ በመቁጠር ብቻ ምን ያህል እንደሄደ ማወቅ ይቻላል። ክረምት ሲገባስ? የአካባቢያችን ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ቆጣሪው «10 ሜትር ሄደናል» ይላል፤ ተሽከርካሪው ግን ከቦታው አልተነሣም። ፕሮግራሙ ቆጣሪውን ብቻ ካመነ ሮቦቱ ማሳው ጫፍ የደረሰ መስሎት ይታጠፍና ሰብሉን ይረግጣል። ጎማው የሚለውንና ጂፒኤሱ የሚለውን አስተያይቶ፣ ሲለያዩም «ጭቃ ውስጥ ነኝ፤ ልቁም» የሚል ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ውጭ አገር በአስፋልት ላይ የተሞከረ ሶፍትዌር ይህን ላያስበው ይችላል። ዋልካን የሚያውቀው ሰው መጻፍና ማረም መቻል አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ፣ ወደ ጊዜ ልግባ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሴኮንድ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ይጓዛል። ፍሬን የሚያስይዘው ፕሮግራም ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ብቻ ቢዘገይ ተሽከርካሪው ከአንድ ሜትር በላይ አልፏል። ከፊቱ ሕፃን ቆሞ ከሆነ ያቺ አንድ ሜትር ሁሉም ነገር ናት። ለታችኛው ክፍል ዋናው ጥያቄ ፍጥነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሰዓት ማክበር ነው እላለሁ። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ፈጥኖ መቶኛው ላይ ከሚያረፍድ ፕሮግራም ይልቅ፣ ቀስ ቢልም መቶ ጊዜ በቀጠሮው የሚደርስ ይሻላል።

ከፕሮግራም ቋንቋዎች ፓይተንን በጣም እወደዋለሁ። ሲያነቡት ግልጽ ነው፤ ለጀማሪም አያስፈራም። ነገር ግን ፓይተን ሲሠራ ትእዛዙን እየተረጎመ የሚያሠራለት ሌላ ፕሮግራም ከሥሩ አለ፤ የማያስፈልገውን ማስታወሻ ለማጽዳትም በየመሐሉ ትንሽ ቆም ሊል ይችላል። ያቺ ትንሽ ቆም ማለት መንገድ ለሚመርጠው ክፍል ምንም አትጎዳም፤ ለፍሬን ግን ትጎዳለች። የታችኛው ክፍል በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ፣ ሌላ ሥራ በሌለበት፣ ማይክሮኮንትሮለር በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሲ ከ50 ዓመት በፊት ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ የፈጠረው አሮጌ ቋንቋ ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስም የእሱ ልጅ ነው። ዕድሜያቸው ግን አያሳፍራቸውም። በትምህርት ቤት የምታዩት የአርዱዊኖ ሰሌዳ የሚታዘዘውም በዚሁ በሲ ፕላስ ፕላስ ነው።

ሆኖም ቋንቋ መምረጥ ብቻውን ከመዘግየት አያድንም። ይህን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች፤ ሶጆርነር የምትባል ትንሽ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪም ይዛ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር በድንገት ራሱን እያጠፋ መነሣት ጀመረ። ምክንያቱን በቤታችን ልመስለው። የጎተራ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው እንበል። ትንሿ ልጅ ቁልፉን ይዛ ገብታለች። እናቲቱ በአስቸኳይ መግባት ፈልጋ በር ላይ ቆማለች፤ ልጅቷ እስክትወጣ ትጠብቃለች። በዚህ መካከል ታላቅ ወንድም ይመጣና ልጅቷን «ቁጭ በይ፣ የማወራሽ አለኝ» ብሎ ያስቀራታል። እሱ ከልጅቷ በዕድሜ ይበልጣልና ትታዘዛለች፤ እናት ግን ከሁለቱም በላይ ሆና ሳለ ውጭ ቀረች። በፓዝፋይንደር ላይ የሆነው ይኸው ነው። አነስተኛ ደረጃ ያለው የአየር ጠባይ መረጃ ሰብሳቢ ሥራ ቁልፉን ያዘ፤ መካከለኛው ሥራ አቋረጠው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ተጠባባቂ ሆነ፤ ሥራው በጊዜው መጠናቀቁን የሚጠብቀው ሰዓት ደግሞ «ዋናው ሥራ ቀርቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው።

መሐንዲሶቹ መሬት ላይ ተመሳሳይ መሣሪያ ነበራቸው። ችግሩን እዚያ ደግመው አዩት። ቪኤክስወርክስ የተባለው የኮምፒውተሩ ሥርዓት ቁልፍ የያዘችውን ልጅ ለጊዜው የእናቷን ደረጃ የሚያወርሳት መላ ነበረው፤ ተዘግቶ ስለነበር ከመሬት መልእክት ልከው ከፈቱት። በእኔ እምነት ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ጥገናው ሳይሆን መመልከቻው ነው። ሥርዓቱ ምን እንደሠራ መዝግቦ ባይዝ፣ ተመሳሳዩም መሣሪያ መሬት ላይ ባይኖር ኖሮ ማንም ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ማርስ ላይ ያለውን ማሽን የታደገው የመዘገበው ነገር ከሆነ፣ ማሳችን ላይ ያለውንም የሚያድነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ነው። እንደ ቆላችን ሞቃት የሆነውን የአሜሪካን የሞሃቬ በረሃ አስቡ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ያለ ነጂ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችን እዚያ አወዳደረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር 12 ኪሎ ሜትር እንኳ የተጓዘ አልተገኘም። በሚቀጥለው ዓመት ግን 23 ተሽከርካሪዎች ተሰልፈው አምስቱ 212 ኪሎ ሜትሩን ጨረሱ፤ አንደኛ የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ሰባት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። አሸናፊውን ዓለም ያውቀዋል። እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስተምራቸው ስለተሸነፈው ነው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፕሮስፔክት ኢለቨን ያሉትን መኪና ይዘው ቀረቡ። ፕሮግራማቸው የተጻፈው ሲ ሻርፕ በሚባለው ቋንቋ ነበር። ይህ ቋንቋ የማያስፈልገውን ማስታወሻ ራሱ ያጸዳል፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ ለዚያ ብዙም አልተጨነቁም። መኪናቸው በመንገዱ ላይ ያየውን እያንዳንዱን ቁጥቋጦና ድንጋይ እየመዘገበ፣ ሲያልፈው ከዝርዝሩ ይሰርዘው ነበር። ነገር ግን ከሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ጋር ያገናኘው አንድ ክር ሳይበጠስ ይቀራል። ጽዳቱ ሲመጣ «ይህ ነገር ገና ይፈለጋል» ብሎ ይተወዋል። ያለፈው ቁጥቋጦ ሁሉ ማስታወሻው ውስጥ ተከማቸ። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ኮምፒውተሩ ታፍኖ ቀረ፤ መኪናውም ከውድድሩ ወጣ። በኋላ ማስታወሻን የሚመረምር ፕሮግራም ሲያሠሩ ምክንያቱን ወዲያው አገኙት።

ይህን ታሪክ ሲ ሻርፕን ለመንቀፍ አልነገርኋችሁም። በሲ ቢጽፉት ኖሮ ሌላ ዓይነት ስሕተት ይሠሩ ይሆናል፤ በሲ ማስታወሻን መያዝም መልቀቅም የጸሐፊው ኃላፊነት ነውና። ራሱን የሚያጸዳ ቋንቋ የቤት ሠራተኛ እንደ መቅጠር ነው፤ ሠራተኛዋ ታጸዳለች፤ አንተ በእጅህ ይዘህ ያልለቀቅኸውን ግን መጣል አትችልም። ረስት የተባለው አዲሱ ቋንቋ ብዙዎቹን የማስታወሻ ስሕተቶች ገና ፕሮግራሙ ሳይሠራ ይይዛቸዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ከባድ ነው፤ የሚያስተምረውም ሰው በአካባቢያችን ስለማይገኝ ለጊዜው አልመክርም። ስታንሊ የተሠራበት መንገድ ግን ለእኛም የሚሆን ነው። ሥራው በ30 ያህል ትናንሽ ፕሮግራሞች ተከፋፍሎ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይሄድ ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ የሌሎቹን ጤና የሚከታተል ፕሮግራም አይቶ ያስነሣዋል። ያለ ስሕተት መጻፍ አይቻልም። ስሕተቱ ሁሉንም ይዞ እንዳይወድቅ አድርጎ መጻፍ ግን ይቻላል።

ሦስተኛውና ብዙ ልቆይበት የምፈልገው ጉዳይ የጋራ መግባቢያ ነው። ባጃጅ ከሕንድ መጥታ ከተሞቻችንን የሞላችው ከተሽከርካሪ ሁሉ በልጣ አይደለም። ካንዴላዋ ቢቃጠል፣ ፍሪሲዮኗ ቢያልቅ በየከተማው መለዋወጫ አለ፤ ፈቶ የሚገጥማት ወጣትም አለ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ከመላው ዓለም ብዙ ሰው የሚሠራበትና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ መድረክ «መካኒክ» አያጣም። ከቤት ውጭ ለሚሠራ ተሽከርካሪ አርዱፓይለት የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ ለአየር፣ ለውኃና ለመሬት ተሽከርካሪዎች የየራሱ ዓይነት አለው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ የመሬቱ ዓይነት ሮቨር ይባላል። የሬዲዮ ግንኙነት ቢቋረጥ ተሽከርካሪው እንዲቆም ማዘዝ፣ ጉዞውን ሁሉ መዝግቦ ማስቀረት፣ ተሽከርካሪው ሳይኖርም በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ መሞከር ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት በረከት ነው።

ሮስ የሚባለው ሌላው መድረክ በስታንፎርድ ተጸንሶ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዊሎው ጋራዥ በተባለ ቤተ ሙከራ ያደገ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዱ ኪናን ዋይሮቤክ በኋላ በሩዋንዳ ሰማይ ደም ለሆስፒታሎች የሚያደርሱትን የዚፕላይን ድሮኖች ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ሮስ ትናንሽ ፕሮግራሞችን መልእክት እያለዋወጠ ያስተሳስራል፤ አንዱ በፓይተን፣ ሌላው በሲ ፕላስ ፕላስ ቢጻፍ ችግር የለውም። ነገር ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሮስ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አብቅቷል፤ የምታገኟቸው መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ግን አሁንም ብዙዎቹ ስለ እሱ ናቸው። ዛሬ የሚጀምር ሰው ሁለተኛውን ይያዝ። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙ ነገር ከኢንተርኔት ማውረድ ስለሚጠይቅ፣ አስቀድሞ ፍላሽ ላይ ካልተጫነ እዚህ መጀመር ይከብዳል።

እኔ ራሴ የቀመስሁት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ወጣቶችን ለማሠልጠን ወደ አንድ ቆላ ወረዳ ሄድን። ያስተማርንበት ሶፍትዌር በገንዘብ የሚገዛ ነበር፤ ፈቃዱን ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት ይጠይቃል። በሁለተኛው ቀን መስመሩ ተቋረጠ፤ ሶፍትዌሩም አልከፈትም አለ። ሁለት ሙሉ ቀን ልጆቹ ፊት ለፊታቸው ሮቦቱን እያዩ ቁጭ አሉ። ያን ቀን የተሰማኝ ኀዘን ዛሬም አልወጣልኝም። ያለ ኢንተርኔት የማይነሣ ሶፍትዌር ለማሳ ሮቦት አይሆንም ብዬ የወሰንሁት ያኔ ነው።

የጋራ መግባቢያ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በፊደላችን ደርሶብናል። ከመካከላችሁ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቢሮ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ባለው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ነበርና። ሠሪዎቹ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ነገር ግን መግባቢያው የጋራ ስላልነበረ የአንድ አገር ሰዎች በአንድ ፊደል ጽፈን መነበብ አቃተን። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም የሚስማማበት አንድ ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ በስልካችሁ የምትላላኩት መልእክት ማንቡክም ሆነ ሚኒሶታ የሚነበበው በዚህ ነው። ለሮቦትም ይኸው ነው። ማቭሊንክ የሚባለው መልእክት መለዋወጫ በአርዱፓይለትም፣ በተፎካካሪው በፒኤክስ ፎርም ይሠራል፤ ስለዚህ አንዱን ትታችሁ ወደ ሌላው ብትሄዱ ከዜሮ አትጀምሩም። የመረጣችሁት መድረክ የሚጽፈውን ፋይል ሌላ ፕሮግራም ማንበብ ካልቻለ፣ ልፋታችሁ የሰው ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል።

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ ልመለስ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በፓይተን ጀምሪ፤ በኮምፒውተር ላይ ብቻ፣ በአስመስሎ መሞከሪያ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዳችሁ ተማሪዎች መሠረቱን ይዛችኋል። ቀጥሎ ጎማና ሞተር ሲመጣ ሲ ፕላስ ፕላስን በአርዱዊኖ ተማሩ፤ ያኔ ሰዓት ማክበር ምን እንደሆነ እጃችሁ ይነግራችኋል። ማሳ ላይ የሚወጣ ተሽከርካሪ ስትሠሩ የአርዱፓይለትን ሮቨር አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ከባዶ አትጻፉ። ካሜራና ሌላ ሌላ ሴንሰር ተጨምሮ ሥራው ሲወሳሰብ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰውም ሲኖር ወደ ሁለተኛው ሮስ እለፉ። ከአርዱፓይለት ጋር ይነጋገራልና የሠራችሁት አይጣልም።

ስለ መለዋወጫም አንድ ምክር ልጨምር። አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ የተባለ ኩባንያ ዓለም ሁሉ ለሚያውቃት ለሶፊያ ሮቦት ሶፍትዌር በመሥራት ተሳትፏል። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስትመጣ ከአካል ክፍሎቿ አንዳንዶቹን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነበር። የአገራችን ልጆች የዓለም ሮቦት አእምሮ መጻፍ እንደሚችሉ አይተናል፤ አንድ ሻንጣ ሲጎድል ምን እንደሚሆንም አይተናል። የእናንተ ሮቦት ክፍሎቹ ቻግኒ ወይም ግልገል በለስ ገበያ የሚገኙ ይሁኑ።

የመጨረሻ ቃሌ ለመምህራን ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የነገሮችን ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። «ፍጥነት»፣ «ጎማ»፣ «ጭቃ» ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ ይቀበላችኋል። ለጀማሪዎች ይህን በር ክፈቱላቸው። በቤተ ሙከራችሁ ደግሞ አንድ ወፍራም ደብተር አኑሩ። ሮቦቱ በቆመ ቁጥር ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የመሬቱን ሁኔታ፣ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ጻፉበት፤ ጉሙዝኛ ተናጋሪ ልጅ በጉሙዝኛ ይጻፍ፣ ሌላው በሚችለው ቋንቋ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ መጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ ያ ደብተር ይሁን።